የተፋቀው ስም በፀሐይ ሲታይ

ሰርካለም ወርቅአገኘሁ አንድ አመል አላት። ዕቃ እጇ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች። የጠጅ ብርሌም ይሁን የሕፃን ቀሚስ፣ የቆዳ ቁራጭም ይሁን የደረቀ የኮሶ ቅጠል፣ ወደ በሩ ዞራ አንድ ዓይኗን ጨፍና ፀሐይዋ በውስጡ ስታልፍ ምን እንደምታሳይ ሳታይ አታስቀምጠውም። ገበያ ወጥታ ዕንቁላል ስትገዛም እንዲሁ ናት። እሱስ ደግ፣ ዕንቁላልን ሁሉም ሰው ወደ ብርሃን ያነሳዋል። የሰርካለም አስተያየት ግን በጣም ስለሚረዝም ሻጮቹ «ምነው፣ ለጫጩቱ ስም ልታወጪለት ነው?» ይሏታል።

ፎቶ ቤቷ ላሊበላ ውስጥ ከቅዳሜ ገበያው ከፍ ብሎ፣ ከጎረቤቷ ከነሲባ ፀጉር ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርታ ያለች አንዲት ክፍል ናት። እንጀራዋ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት። ለዚህ ሰውየውን ነጭ ጨርቅ ፊት አስቀምጦ ፍላሽ ማብራት ይበቃል። «ቀና ይበሉ፣ አይሳቁ፣ ጨረስን» ብላ ታሰናብታለች። ልቧ ያለው ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ላይ ነው። ቱሪስት ይጎርፍ በነበረበት ጊዜ ሆቴሎች ጠጃቸውን እንድታነሳላቸው ይጠሯት ነበር። ሌላው ፎቶ አንሺ ብርሌውን ከፊት በፍላሽ ይመታውና ብርሌው ያብረቀርቃል፣ ጠጁ የጎርፍ ውሃ መስሎ ይወጣል። ሰርካለም ከብርሌው ኋላ ነጭ ወረቀት ታቆምና ብርሃኑን ወረቀቱ ላይ ትጥለዋለች። ከወረቀቱ ተመልሶ በጠጁ ውስጥ ሲያልፍ አረፋው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ነገር ስታመቻች ቀን ይሄድባታል። ሁለት ጊዜ ተድራ ሁለት ጊዜ የፈታችው በዚሁ የተነሳ ነው የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ባሏማ «ከእኔ ፊት ይልቅ ብርሌ ስታይ ትውላለች» ብሎ ሽማግሌ ፊት ከሷታል። እሷም አላስተባበለችም።

ከጦርነቱ ወዲህ ቱሪስቱ ሳሳ፣ የሆቴሎቹም ጥሪ ቀረ። የመጨረሻው እንዲህ ያለ ሥራዋ የብልባላ ንብ አናቢዎች ማር ነበር። ሰፈፉን ከነንቡ ፀሐይ ላይ አቁማ አንስታላቸው ሥዕሉን በትልቁ አሳትመው ገበያ ላይ ሰቀሉት። ሙሉሃብት ታፈረን ወደ ፎቶ ቤቷ ያመጣት ይኸው ሥዕል ነው።

ሙሉሃብት የብልባላ ገበሬ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቁመተ ረጅም፣ ነገር የማታበዛ ሴት። በአንድ የጥር ቅዳሜ ረፋድ ላይ በገበያ መኪና ተጭና መጣችና አዲስ ነጠላዋን እያስተካከለች ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። ከኋላዋ መሪጌታ በእውቀቱ ተከተሉ። የዚያው የብልባላ ሰው ናቸው፤ ልጅም አዋቂም የኔታ ይላቸዋል። ደረታቸው ላይ አንድ ነገር አቅፈው በነጠላቸው ሸፍነውታል።

«ልጄ፣ የብልባላን ማር ያነሳሽው አንቺ ነሽ?» አለች ሙሉሃብት።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ አልወደዱትም? ግቡ እንጂ፣ ቁጭ በሉ።»

«ሰፈፉ ውስጥ ያለችውን ንብ እግሯን ሳይቀር አየሁት። የማይታይ ነገር ታወጣለች አሉኝ። እስቲ አንድ ነገር አውጪልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ታፈረ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሙሉሃብት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ደርሼ እልክባችኋለሁ ብሎ ወጣ። አልላከም፣ አልተመለሰም። ሞቷል እንዳይሉ ያየ የለም፣ አለ እንዳይሉ ድምፁ የለም። እናቷ ጥቁር ሳትለብስ፣ ነጭም ሳያምርባት፣ መንገድ መንገዱን ስታይ ኖራ አለፈች። ልቅሶው ሳይለቀስ አርባ ዓመት ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ባለፈው ኅዳር ግን አንድ ሽማግሌ ከዚያው ከሰፈራው አገር ተመልሶ መጥቶ ቁርጡን ነገራት። ታፈረ በሄደ በሁለተኛው ክረምት በወባ ሞቷል። ያለ ቄስ ተቀብሯል። ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ሽማግሌው ነበር።

ሙሉሃብት ጠላ ጠመቀች፣ ዘመድ ጠራች፣ ፍትሐቱና ተዝካሩ ለእሑድ፣ ማለትም ለነገ ተቆረጠ። ታዲያ የደብሩ ቄስ «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ» ሲሏት ድርቅ ብላ ቀረች። ታፈረ የዓለም ስሙ ነው፤ ለነፍስ የሚጸለየው በክርስትና ስም ነው። ክርስትና ያነሱት ቄስ ሞተዋል፣ የክርስትና አባቱ ሞቷል፣ ነፍስ አባቱ ሞተዋል። እናቷ ታውቀው ይሆናል፤ ግን በእነሱ አገር የክርስትና ስም በየሜዳው አይጠራም። ክፉ ሰው ሰምቶ መድኃኒት ያደርግበታል ተብሎ ይሸሸጋል፣ ከልጅ ደግሞ ይበልጥ ይሸሸጋል፤ ልጅ አፉ ክፍት ነውና።

«ቄሱ ደግ ናቸው፣» አለች ሙሉሃብት። «ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ባሪያህ ብለን እንጸልይለታለን አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ያለበትን እግዚአብሔር ያውቃል እየተባልን ነው የኖርነው። እንግዲህ አሁንስ ሰውም ይወቅልኝ።»

የኔታ ይህን ጊዜ ነጠላቸውን ገልጠው የቆዳ ማኅደር አወጡ። ከማኅደሩ ውስጥ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ የብራና ዳዊት መዘዙ። ታፈረ ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ነበርና በገዛ እጁ የጻፈው ነው። በዚያ ክፉ ቀን የሙሉሃብት እናት ዳዊቱን ለየኔታ አባት ሰጥታ ገብስ ወሰደች። የየኔታ አባትም እንደ ወጉ የድሮውን ባለቤት ስም በሰንጢ ፍቀው የራሳቸውን በቀይ ቀለም ጻፉበት። መጽሐፍ እጅ ሲለውጥ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ነውር ነው ያለ የለም።

«አባቴ ክፉ አልሠሩም፣» አሉ የኔታ፣ ማንም ሳይወቅሳቸው። «ዳሩ ይህችን ሴት ባየሁ ቁጥር ያ ሰንጢ ይታየኛል።»

«ኧረ በሞቴ የኔታ! እኔ በዚያ ገብስ አይደል እንዴ የቆምሁት?» አለች ሙሉሃብት።

«እንግዲያው ስሚ ልጄ፣» አሉ የኔታ ወደ ሰርካለም ዞረው፣ ዳዊቱን ሳይለቁ። «ውሃ አይነካውም። እሳት አይጠጋውም። ከዓይኔም አይርቅም።»

ሰርካለም ስሙ ያለበትን ገጽ አየችው። «ዝንቱ ዳዊት ዘ»፣ ይህ ዳዊት የ... የሚለው የታፈረ ጥቁር ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ ቀጥሎ ሻካራ ቦታ፣ በሻካራው ላይ የየኔታ አባት ቀይ ስም። እስቲ ብላ በፍላሽ አነሳችው። ብራናው ቅባት እንደተቀባ ግንባር አብረቀረቀና ከቀዩ ስም በቀር ምንም አልታየም። ሙሉሃብት የካሜራውን ፊት አይታ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች።

ሰርካለም ግን ገጿን ብቻ ሳትገነጥል ለይታ ወደ በሩ ከፍ ስታደርጋት አንድ ነገር አየች። ከቀዩ ስም ዙሪያ ብራናው ከሌላው ይልቅ ብሩህ ነበር። የሰርካለም አባት በገነተ ማርያም ብራና ፋቂ ነበሩ። ቆዳውን በእንጨት ወጥረው ፀሐይ ላይ ያቆሙና ከኋላው ሄደው፣ ቢላው የበዛበት የት እንደሆነ ያዩ ነበር። የተፋቀበት ይሳሳል፣ የሳሳበት ብርሃን ያሳልፋል። ፋቂው ደግሞ ቀለሙን ከላይ ከላይ ያነሳው እንደሆነ ወደ ቆዳው የጠለቀው እዚያው ይቀራል፣ በብሩሁ ቦታ ላይም ጠቆር ብሎ ይታያል። «አለ፣» አለች። «ከፊት አይደለም የሚታየው። ከኋላ ማብራት ነው ያለብን።»

በምን? መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። የእጅ ስልክ መብራት አንድ ቦታ ላይ ይነጣና ሌላውን ጨለማ ያደርገዋል። ፀሐይ ግን አለች፤ በሩ ላይ ቆማ መግባት ትፈልጋለች። ሰርካለም ግድግዳውን ደበደበች።

«ነሲባ! መስታወትሽን!»

ነሲባ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ሹሩባ እየሠራች ነበር። «ወላሂ የሰው ራስ ግማሽ ላይ ነው ያለሁት!» እያለች መስታወቱን ከግድግዳ ነቅላ ይዛ መጣች። ግማሽ ራሷ የተጎነጎነ ደንበኛዋም ጉዱ ሳያመልጠኝ ብላ ተከትላት ገብታ ጥግ ይዛ ቆመች።

ሁለት አግዳሚ አቀራርበው የመስኮት መስታወት አጋደሙበት። የነሲባን መስታወት ከሥሩ መሬት ላይ አዘንብለው አስቀመጡት፤ በበሩ የገባችው ፀሐይ እሱ ላይ አርፋ ወደ ላይ ተመለሰች። ባዶዋን ፀሐይ ብራናው ላይ መልቀቅ እንደማይሆን ሰርካለም ታውቃለች፤ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳውንም ያሞቀዋል። የሚያለዝባት ነገር ስትፈልግ ሙሉሃብት ለተዝካሩ የገዛችውን አዲስ ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠቻት። ሰርካለም ነጠላውን በመስኮቱ መስታወት ላይ ዘረጋችው፣ ገጿን በላዩ አሳረፈቻት። የኔታ የቀረውን ዳዊት እንደ ሕፃን ታቅፈው በጎን ተንበረከኩ። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያያል። አነሳች።

አራቱም በካሜራው ትንሽ ፊት ላይ ተደፉ። ከቀዩ ሥር ጥቁር ጥቁር ጭረት ነበረ! የኔታ መነጽራቸውን እያወለቁ እያደረጉ፣ በጣታቸው ቆጠሩት። «ወልደ... ይኸው ወልደ! ወልደ... ገብርኤል! ወልደ ገብርኤል ይላል!»

ሙሉሃብት እልልታዋን ለቀቀችው። ነሲባም ተቀበለቻት፤ ባለግማሽ ሹሩባዋም ሴት ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባት እልል አለች። ሙሉሃብት ስልኳን አውጥታ ለደብሩ ቄስ ደወለችላቸው። «አባ፣ ተገኘ! ወልደ ገብርኤል ነው! ይጻፉት!» አለች።

ሰርካለም እየሣቀች ሥዕሉን አጎላችው፤ ሥራዋን መልሳ ማየት ትወዳለች። አንዱን ጭረት በዓይኗ ተከተለችው። ጭረቱ ከስሙ ወጣ። ከመስመሩ ወጣ። ሰው ምንጊዜም የማይጽፍበትን ኅዳግ አቋርጦ ከገጹም አልፎ ባዶው መስታወት ላይ ቀጠለ። ሌላውንም አየችው፤ እሱም እንዲሁ። ቀለም አልነበረም። የነጠላው ፈትል ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ቦታ ቦታው ይወፍራል፤ ነጠላው ብራናው ላይ ስለተጣበቀ የወፈረው ሁሉ ጥላውን ጥሎ ፊደል መስሏል። «ወልደ» እውነት ሊሆን ይችላል። «ገብርኤል» ግን ያለ አልነበረም።

ቀና ብላ ሙሉሃብትን አየቻት። ያቺ ነገር የማታበዛ ሴት ነሲባን አቅፋ ትዘል ነበር። ሰርካለም ዝም ልትል ትችል ነበር። ይህን እውነት ማንም አያገኘውም። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ የኔታም ከሰንጢው ይገላገላሉ፣ ነገ ጠላው ይጠጣል። ይህን አስባለች፤ አላሰበችም ብል ውሸት ነው። ደግሞ ነገ ጧት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሚጸለይለት ወልደ ገብርኤል የሚባል ሌላ ሰው እንደሆነና ታፈረ እንደገና በር ላይ ቆሞ እንደሚቀር ታያት።

«እትዬ ሙሉሃብት፣» አለች፣ «ይቀመጡ። አጥፍቻለሁ።»

ሥዕሉን እያሳየች ነገረቻቸው። የኔታ ጭረቱን እስከ መስታወቱ ድረስ ተከትለው አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ስለፈለግሁት ነው ያነበብሁት፣» አሉ። ሙሉሃብት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለሰርካለም ይቀላት ነበር። ስልኩን አንስታ መልሳ ደወለች። «አባ፣ ቆዩ። ያንን ስም ይሰርዙት።» ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «በይ ልጄ፣ እጅሽ ካልደከመ እንደገና ሞክሪ» አለች።

ሰርካለም ራሷን እየረገመች ተነሳች። ብርሌ ስታነሳ ወረቀቱን ከብርሌው አርቃ እንደምታቆም፣ ያለዚያ የወረቀቱ እጥፋት ሁሉ ከጠጁ ጋር እንደሚወጣ ታውቅ የለም እንዴ? ችኮላ ነው። ነጠላውን ከመስታወቱ ላይ አንስታ እንደ ጋቢ አራት ድርብ አጠፈችውና ከመስታወቱ ሥር አንድ ክንድ ዝቅ አድርጋ በሁለቱ አግዳሚዎች እግር ላይ ወጠረችው። አሁን ፈትሉ ከካሜራው ዓይን ራቀ፤ ብርሃኑም ደመና እንዳለበት ቀን ሆኖ ጭረት የሌለው ልስልስ ነጭ ወጣ። ሌላም ጣጣ ነበረ። ከገጿ ዙሪያ የሚወጣው ብርሃን ካሜራውን አጥለቅልቆ ደካማውን ቀለም ይውጠዋል። ጥቁር ካርቶን አመጣችና በቀዩ ስም ልክ ቀዳዳ ቀዳችበት፣ ገጿ ላይ አሳረፈችው። ብርሃን በዚያች ቀዳዳ ብቻ ይምጣ።

ፀሐይዋ ግን ሰው አትጠብቅም፤ ከበሩ መሸሽ ጀምራ ነበር። ነሲባ መስታወቱን ከመሬት አንስታ ወደ መንገዱ ወጣች፣ ከማዶ ቆማ ፀሐይዋን እየጠለፈች በበሩ ወደ ውስጥ ላከች። ውስጥ ደግሞ ሰርካለም ከግድግዳ ያወረደችው ትንሽ መስታወት ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ላይ አነሳው። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ እየቆመ «ነሲባ፣ ደግሞ ፀሐይ መቸርቸር ጀመርሽ?» ይላታል።

«ዝም በል፣ እጄ ይነቃነቃል!» ትላለች እሷ።

ሰርካለም ካሜራውን ከቦታው ሳታነቃንቅ ሁለት ጊዜ አነሳች፤ አንዴ ከፊት ብቻ አብርታ፣ አንዴ ከኋላ ብቻ። የመጀመሪያው ቀዩን ስም ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው ሁሉንም ያሳያል፤ ቀዩን፣ የተፋቀውን፣ በገጹ ጀርባ ያለውንም መዝሙር ተገልብጦ። ስለዚህ ሦስተኛ፣ ገጿን ገልብጣ ጀርባዋን አነሳች። ሥዕሎቹን ኮምፒውተሯ ላይ አወጣች፤ ባትሪው ትንሽ ቀርቶታል። ስስ ወረቀት ኮምፒውተሩ ፊት ላይ ለጥፋ፣ ቀዩን ስም በቀይ እስክሪብቶ፣ የጀርባውን መዝሙር ደግሞ ሥዕሉን መልሳ ገልብጣ በሰማያዊ ተከተለችው። ከዚያ ሁሉም ያለበትን ሥዕል ከወረቀቱ ሥር አመጣች። ቀይም ሰማያዊም ያልነካው ጭረት የድሮው ነው። እሱን በእርሳስ፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ አንድ በአንድ ከተበችው። የማንንም ስም ላለማሰብ ታገለች።

ወረቀቱን ለየኔታ ሰጠቻቸው። አሁን አልጮኹም። ወደ በሩ ወስደው አዩት፣ መለሱት፣ ዳዊቱን ገልጠው የታፈረን የእጅ ጽሑፍ ከሌላ ገጽ እያመሳከሩ አዩት። ሙሉሃብት ፊታቸውን ነበር የምታየው።

«ወልደ ሰንበት ይመስለኛል፣» አሉ በመጨረሻ።

«ይመስለኛል ነው ወይስ ነው?» አለች ሙሉሃብት።

«አንዴ ዋሽቼሻለሁ ልጄ። እርግጥ ነው ለማለት አፌ ፈራ።»

ሰርካለም ካርቶኑን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ የኔታ ያዟት። ዳዊቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ነበር፤ በጣታቸው ገጹን ዳሰሱ። «አባቴ ቀይ ስማቸውን የጻፉት እስከዚህ ነው፣» አሉ። «ፍቀቱ ግን እስከ መስመሩ ጫፍ ይሄዳል። ባዶ ብራና ለምን ይፍቃሉ? እዚህም የነበረ ነገር አለ።»

ሰርካለም በራሷ ተናደደችም፣ ደስም አላት። ካርቶኑን ለቀዩ ስም ልክ ስትቀደው የቀረውን መስመር እሷው ሸፍናው ነበር። ገጿን መልሳ መስታወቱ ላይ አሳረፈችና ቀዳዳውን ወደ ጎን አሸሸችው። «ነሲባ! አንዴ ብቻ!» ከመንገዱ ማዶ ነሲባ እጇን ከራሷ በላይ አነሳች፤ የመጨረሻው የፀሐይ ቁራጭ ገባ። ሰርካለም አነሳች።

በዚህኛው ላይ ቀይ ቀለም አልነበረበትም፤ የሚጋርድ የለም። መሰወሪያ ያጣው የድሮ ቀለም ቡና ዓይነት ሆኖ፣ ብሩህ ቦታ ላይ፣ ከካሜራው ፊት ላይ በዓይን ብቻ ይነበብ ነበር። የኔታ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰውም አላደረጉትም።

«ሙሉሃብት፣» አሉ፣ «የአንቺ የክርስትና ስምሽ ማነው?»

ሙሉሃብት ዙሪያዋን አየች። ይህ በሰው መሐል የሚባል ነገር አልነበረም። ባለግማሽ ሹሩባዋ ሴት ነገሩ ገብቷት ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ሙሉሃብት ዝቅ ብላ፣ «አመተ ማርያም ነው የኔታ» አለች።

የኔታ ከፊት ጀምረው፣ ቅዳሴ ላይ እንደሚያነቡት በዜማ ሳይሆን ሰው ለሰው እንደሚናገረው አነበቡላት። «ዝንቱ ዳዊት ዘወልደ ሰንበት፣ ምስለ ወለቱ አመተ ማርያም። ይህ ዳዊት የወልደ ሰንበት ነው፤ ከልጁ ከአመተ ማርያም ጋር።»

ሙሉሃብት ወገቧን ያዘች። «አባዬ!» አለች፤ ከአርባ ዓመት በፊት ማለት የነበረባትን። አልቅሳ የማታውቅ ሴት ሲወጣላት ጉድ ነው። ነሲባ ከነመስታወቷ እየሮጠች ገብታ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አብራት አለቀሰች፤ ስታውቅ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» እያለች አለቀሰች። የኔታ ዳዊቱን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ለሙሉሃብት ዘረጉላት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «እናንተ ዘንድ ይሁን። በእሱ ይጸለይበታል። ስሙን ብቻ ነው የምፈልገው።» ሰርካለም በሩ ላይ ቆማ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ የመጣውን ሁሉ «ዛሬ ተዘግቷል» እያለች መለሰች። እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

ልቅሶው ሲበርድ ሙሉሃብት ፊቷን አበሰች፣ ፈትሉ ያሳሳታቸውን ነጠላዋን ከአግዳሚው እግር ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ስልኳን አነሳችና ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች።

«አባ፣ አሁን ይጻፉት። ወልደ ሰንበት። አዎ፣ ወልደ ሰንበት ነው።» ቄሱ ጥርጣሬ ሳይገባቸው አልቀረም፤ አዳመጠቻቸው። «የለም አባ፣ አሁን አልሳሳትም። ከእኔ ጋር ነው የተጻፈው።»